«ሎስት» ዘግይቶ የመለሳቸው ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2010 ማታ የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ያቀረበው የ«ሎስት» ክፍል ከዚያ በፊት ከታዩት ሁሉ የተለየ ነበር። ድራማው ስድስት ዓመት ተጉዞ ሊያልቅ ሁለት ምሽት ብቻ ቀርቶታል። ተመልካች ሲጨነቅላቸው የኖረው ሐኪሙ ጃክ፣ ከሕግ የምትሸሸው ኬት፣ አጭበርባሪው ሶየርና ገራገሩ ሃርሊ በዚያ ምሽት ታሪክ ውስጥ የሉም። በምትካቸው የመጡት በላቲን የምትናገር ነፍሰ ጡር፣ ስሟ የማይነገር አንዲት ሴትና ሁለት መንትያ ወንድማማቾች ናቸው። «ከባሕሩ ማዶ» በሚል ርእስ የቀረበው ይህ ክፍል የተጫነበት ሸክም ከባድ ነበር። ደሴቲቱ ምንድን ናት? ሰው የሚቀጥፈው ጥቁር ጭስ ከየት መጣ? አንዱ ሌላውን መግደል የተከለከለባቸው ሁለቱ ባላንጣዎች እነማን ናቸው? ለእነዚህ ሁሉ መልሱ እዚህ ክፍል ውስጥ ይገኛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ክላውዲያ የተባለችው ነፍሰ ጡር መርከቧ ተሰብሮ ከደሴቲቱ ዳርቻ ትደርሳለች። በደሴቲቱ ብቻዋን የምትኖር ሴት ታዋልዳታለች። በኩሩ ጄኮብ ተባለ። እናትየው ያሰበችው የአንድ ልጅ ስም ብቻ ነበርና ሁለተኛው ስም ሳይወጣለት ቀረ፤ እስከ ድራማው ፍጻሜም አልወጣለትም። አዋላጇ እናትየውን በድንጋይ መትታ ትገድላትና ልጆቹን የራሷ አድርጋ ታሳድጋለች፤ ከባሕሩ ማዶ አገርም ሰውም የለም ትላቸዋለች። አንድ ቀን ወርቃማ ብርሃን የሚፈልቅበት ዋሻ ወስዳ ታሳያቸዋለች። የዚህ ብርሃን ቁራሽ በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ እንዳለ፣ እዚህ ከጠፋ በሁሉም ዘንድ እንደሚጠፋ፣ ከሁለቱም አንዳቸው ጠባቂው መሆን እንዳለባቸው ትነግራቸዋለች። ስም የለሹ ልጅ የእናቱን አሟሟት ሲያውቅ ከቤት ወጥቶ፣ በሌላኛው የደሴቲቱ ወገን ካሉ ሰዎች ጋር ሠላሳ ዓመት ሲቆፍርና መውጫ ሲፈልግ ይኖራል። አሳዳጊው ጉድጓዱን ትደፍናለች፤ መንደሩ ይቃጠላል፤ ሰዎቹም ያልቃሉ። እሱ በጩቤ ይገድላታል። ጄኮብ በቁጣ ወንድሙን ደብድቦ ወደ ብርሃኑ ዋሻ ይጥለዋል፤ ጥቁሩ ጭስ ከዚያ ይወጣል።

እንደ ታሪክ ከታየ የሚናቅ አይደለም። አሊሰን ጃኒ የተጫወተቻት አሳዳጊ ፍቅሯንና ጭካኔዋን አንድ ላይ ይዛ የምትኖር፣ ልትሞት ስትል ለገዳይዋ ምስጋና የምታቀርብ ሴት ናት። የጄኮብም ነገር ይገርማል። ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ እንደ አምላክ ሲፈራ የኖረው ጄኮብ ዞሮ ዞሮ እናቱ ከእሱ ይልቅ ወንድሙን እንደምትወድ የገባው፣ ቅር የተሰኘ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከአባታቸው ወይም ከእናታቸው ጋር ባልታረቁ ሰዎች ለተሞላ ድራማ ይህ የሚገባ ሐሳብ ነው። ችግሩ የመጣው ክፍሉ መልስ ሆኖ እንዲያገለግል በመፈለጉ ነው።

የተሽከርካሪውን ነገር ማየት ይበቃል። በአራተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ቤን የተባለው ገጸ ባሕርይ ከመሬት በታች ያለ በበረዶ የተሸፈነ ትልቅ የእንጨት ተሽከርካሪ ይገፋል፤ ደሴቲቱ እንዳለች ከባሕሩ ላይ ትጠፋለች። ተመልካች ሁለት ዓመት ያህል ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ሲጠይቅ ከርሟል። በ«ከባሕሩ ማዶ» ስም የለሹ ሰው ተሽከርካሪውን ብርሃኑንና ውኃውን ከሚያገናኝ ነገር ጋር እንደሚያያይዘው፣ እሱን ሲያዞርም ከደሴቲቱ እንደሚወጣ ይናገራል። ይህን እንዴት እንዳወቀ ሲጠየቅ፣ እኔ ከሌላው ሰው የተለየሁ ነኝ ከማለት በቀር የሚለው የለውም። በሠላሳ ዓመት ቁፋሮ ስላየው፣ ስለሞከረው፣ ስለተሳሳተው አንዲት ነገር አልታየችም። ጸሐፊዎቹ ለራሳቸው ሊመልሱት ያልቻሉትን ጥያቄ በገጸ ባሕርይው አፍ ዘግተው አለፉ።

የብርሃኑ ጉዳይም ያው ነው። ደሴቲቱ ሰው የምታድነው፣ ዘመን የምታዛባው፣ ብረት የምትስበው ለምንድን ነው ሲባል መልሱ ብርሃን ስላለባት ሆነ። ብርሃኑ ምንድን ነው ሲባል ሕይወትም ሞትም ዳግም መወለድም ነው ተባለ። ብርሃኑን ከጄኮብ በፊት የጠበቀችው ሴት ራሷ ከየት እንደመጣች፣ ጥበቃውን ከማን እንደተረከበች አይነገርም። ጥያቄው ከነበረበት ተነሥቶ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ተገፋ እንጂ አልተመለሰም። ክላውዲያ ጥያቄ ስታበዛባት ሴትየዋ አንዱን ብመልስልሽ ሌላ ማስከተሉ አይቀርም በሚል መንፈስ ትገሥጻታለች። ይህን ለክላውዲያ የተነገረ ብቻ አድርጎ የወሰደ ተመልካች ጥቂት ነው።

የቀረበበት ሰዓትም አላገዘውም። ከሳምንት በፊት በተላለፈው ክፍል ሳዒድ፣ ሳንና ጂን ሞተዋል። ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ የነበሩ ሦስት ሰዎችን በአንድ ቀን ያጣ ተመልካች የሚቀጥለውን ሳምንት የጠበቀው ሐዘኑን ከተረፉት ጋር ሊካፈል ነው። የደረሰው ግን ፈጽሞ ለማያውቃቸው ሰዎች ልቡን እንዲሰጥ ነበር። ተመሳሳዩ ክፍል በአምስተኛው ምዕራፍ መሐል ወይም በስድስተኛው መግቢያ ላይ ቢቀርብ ኖሮ ቅሬታው ይቀንስ ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ መደምደሚያ መሆኑ ቀርቶ የግጭቱ መነሻ ይሆን ነበርና።

ቅሬታው ለምን እንዲያ እንደጠነከረ ለማወቅ ግን ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል። የ«ሎስት» ሐሳብ የፈለቀው ከጸሐፊ ጠረጴዛ አይደለም። ከአውሮፕላን አደጋ ተርፈው በደሴት ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች ድራማ እንዲሠራ የፈለገው በወቅቱ የኤቢሲ ኃላፊ የነበረው ሎይድ ብራውን ነው። የመጀመሪያውን ስክሪፕት ጄፍሪ ሊበር ጻፈው፤ አላረካም። እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ላይ ጄ. ጄ. ኤብራምስና ዴመን ሊንደሎፍ ተጠርተው በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ ንድፍ አወጡ። ደሴቲቱ ራሷ ምሥጢር ያላት እንድትሆን ያደረጉት እነሱ ናቸው። በዚያ ንድፍ ጃክ በመጀመሪያው ክፍል እንዲሞት ታስቦ ነበር፤ የጣቢያው ሰዎች ተቃውመው በሕይወት ቆየ። የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ እንኳ በድርድር የተረፈ ከሆነ፣ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ታቅዶ ነበር የሚለው ወሬ ምን ያህል እንደሚታመን መገመት አይከብድም።

በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት የተቀረጸው የመክፈቻ ክፍል ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል፤ ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ከፍተኛ ወጪ ነበር። ብራውን ድራማው ሳይተላለፍ ከሥራው ተነሣ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2004 ሲተላለፍ ግን 18.6 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ አየው፤ በቀጣዩ ዓመት የኤሚን ምርጥ ድራማ ሽልማት ወሰደ። ኤብራምስ ወደ ሲኒማ ሥራው ተመለሰ፤ ድራማው በሊንደሎፍና ዘግይቶ በመጣው ካርልተን ኪዩዝ እጅ ቀረ። ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር የነበረው ኦሺያኒክ 815 ለምን እንደወደቀ፣ በሞቃት ደሴት ላይ የበረዶ ድብ ምን እንደሚሠራ፣ ጫካ ውስጥ ዛፍ የሚነቅለው ነገር ምን እንደሆነ ጥያቄው የተነሣው በመክፈቻው ክፍል ነው። መልሱ የሚታወቅበት ሰነድ ግን በዚያን ጊዜ በማንም መሳቢያ ውስጥ አልነበረም።

ድራማው ከሁሉ በላይ የተሳካለት ተመልካቹን መርማሪ በማድረግ ነው። 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23 እና 42 የሚሉት ቁጥሮች በሃርሊ የሎተሪ ቲኬት ላይ ነበሩ፤ በጫካው ውስጥ በተገኘው የብረት ክዳን ላይ ተቀርጸው ታዩ፤ ቀጥሎም ከመሬት በታች ባለው ጣቢያ በየ108 ደቂቃው ኮምፒውተር ላይ የሚጻፉ ሆኑ። ሲደመሩ ውጤቱ 108 መሆኑን ያስተዋለ ተመልካች ስለ ተቀሩት ምልክቶች ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። በሁለተኛው ምዕራፍ የብረት በር ጀርባ ላይ በማይታይ ቀለም የተሣለ ካርታ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ታየ። ሰዉ ምስሉን አቁሞ፣ አጉልቶ፣ ደብዛዛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ላቲኑን ተረጎመ። ዳርማ የተባለው ድርጅት የሥልጠና ፊልሞች፣ በመደርደሪያ ላይ የሚታዩ መጻሕፍት፣ በፈላስፎች ስም የተሰየሙ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ትርጉም ያላቸው ፍንጮች መስለው ቀረቡ። ሎስትፒዲያ የተባለው በአድናቂዎች የሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት በ2005 ሲጀመር ዓላማው ይህን ሁሉ ማጠራቀም ነበር። በመደበኛው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ቢሰጥ ማን እንደሚሠራው እንጃ።

እንቆቅልሽ የሚጫወት ሰው ይህን ውል ያውቀዋል። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ አገሩን የተቀበለ ግን መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት፤ የሚናገረውም መልስ ቀደም ብሎ ከተባለው ቃል ሁሉ ጋር መግጠም ይኖርበታል። «ሎስት» ስድስት ዓመት አገር ሲቀበል ኖሯል። ከተመልካች ወገን የጠፋ ነገር አልነበረም፤ ጊዜውንም ግምቱንም ትኩረቱንም ሰጥቷል።

ውሉን ለማክበር ያስቸገረው አንዱ ነገር የአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን አሠራር ነው። በዚያ ዘመን አንድ የተሳካ ድራማ በዓመት ከ22 ያላነሰ ክፍል ያቀርባል፤ ማስታወቂያ እስካመጣ ድረስም ይቀጥላል። «ሎስት» በመጀመሪያው ዓመት 25፣ በሁለተኛው 24፣ በሦስተኛው 23 ክፍል ነበረው። ለጣቢያው የሚያዋጣው መጨረሻ የሌለው ምሥጢር ነው፤ ምሥጢር ግን መጨረሻ ከሌለው ይበላሻል። ጸሐፊዎቹ የሚያበቁበትን ቀን ስለማያውቁ አንድ መልስ በሰጡ ቁጥር ሁለት ጥያቄ መጨመር ነበረባቸው። በሦስተኛው ምዕራፍ ባዶነቱ ገሃድ ወጣ፤ ጃክ ክንዱ ላይ ያለውን ንቅሳት እንዴት እንደተነቀሰ የሚተርክ ሙሉ ክፍል ቀረበ። ንቅሳቱን ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ኒኪና ፓውሎ የተባሉ ሁለት አዳዲስ ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተረፉት መካከል እንደነበሩ ተደርገው ገቡ፤ ተመልካች ስለጠላቸው ብዙም ሳይቆዩ ከነነፍሳቸው ተቀበሩ። ሊንደሎፍና ኪዩዝ የንቅሳቱን ክፍል እንደ ማስረጃ ይዘው ማብቂያ ቀን እንዲቆረጥ ተከራከሩ። በሜይ 2007 ኤቢሲ ድራማው በ2010 እንደሚያበቃ አስታወቀ። በንግድ ቴሌቪዥን እየተሳካለት ያለ ሥራ ሦስት ዓመት አስቀድሞ የሞቱን ቀን ሲናገር ብዙም አልታየም።

ከዚያ ውሳኔ በኋላ ድራማው በግልጽ ተሻሻለ፤ አራተኛውና አምስተኛው ምዕራፍ ወደፊት የሚሮጡ ናቸው። በሦስቱ ዓመታት የተከመረው ዕዳ ግን በመጪዎቹ ምዕራፎች ተከፍሎ የሚያልቅ አልነበረም።

«ሎስት» መልስ መስጠት አይችልም ማለት ስሕተት ነው። ከተሰጡት መልሶች አንዱ በቴሌቪዥን ታሪክ ከሚጠቀሱት መካከል መግባት ይችላል። በሁለተኛው ምዕራፍ ጆን ሎክ ከመሬት በታች ባለው ጣቢያ ውስጥ ቁልፉን በየ108 ደቂቃው የመጫኑ ነገር ትርጉም የለውም፣ በሰው ላይ የሚደረግ ፌዝ ነው ብሎ እምነቱን ያጣል፤ ኮምፒውተሩንም ይሰባብራል። ከእሱ በፊት ሦስት ዓመት ቁልፉን ሲጫን የኖረው ዴዝመንድ ደግሞ የማሽኑን የድሮ ወረቀት ሲያገላብጥ አንድ ቀን ላይ ይደርሳል። በዚያ ቀን ከጣቢያው ወጥቶ ዘግይቷል፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር። ቀኑ አውሮፕላኑ የወደቀበት ሴፕቴምበር 22 ቀን 2004 ነው። አደጋውን ያደረሰው በዚያ መዘግየት የተለቀቀው የማግኔት ኃይል ነበር።

የዚህ መልስ ብርታት በሦስት ነገር ነው። ማስረጃው ቀደም ሲል በተመልካች ዓይን ፊት ተቀምጧል፤ ወረቀቱም ማሽኑም ቀኑም አዲስ አይደሉም። መልሱ ደግሞ ስለ ማግኔት ኃይል ብቻ አይናገርም፤ የሎክን ክሕደት ስሕተት፣ የዴዝመንድን ሦስት ዓመት ድካም ትርጉም ያለው፣ የተሳፋሪዎቹንም ሁሉ ዕድል የአንድ ሰው ጥፋት ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ ግን ያወቀው ሰው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም፤ ዴዝመንድ ወዲያው ሕይወቱን ለአደጋ ሰጥቶ የመጨረሻውን ቁልፍ ያዞራል። የበረዶ ድቡም እንዲሁ በመጠኑ ተመልሷል። የድብ ጎጆዎች በሦስተኛው ምዕራፍ ታዩ፤ በአራተኛው የዳርማ ምልክት ያለበት ቀለበት ከድብ አጽም ጋር በቱኒዚያ በረሃ ተገኘ። ማንም ቆሞ ንግግር አላደረገም፤ ተመልካች ሁለቱን አገናኝቶ ገባው።

የስድስተኛው ምዕራፍ መልሶች ግን አብዛኞቹ ንግግር ናቸው። በጫካው ውስጥ ሲሰማ የኖረው ሹክሹክታ ምን እንደነበር ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የነበረው የሟቹ ማይክል መንፈስ ለሃርሊ ይነግረዋል፤ መሄድ ያልቻሉ ሙታን ነን ይላል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። ቁጥሮቹ ደግሞ ጄኮብ እሱን እንዲተኩ ለመረጣቸው እጩዎች የሰጣቸው ተራ ቁጥሮች ሆኑ፤ 4 ሎክ፣ 8 ሃርሊ፣ 15 ሶየር፣ 16 ሳዒድ፣ 23 ጃክ፣ 42 ደግሞ የሳንና የጂን የቤተሰብ ስም የሆነው ኳን። እነዚያው ቁጥሮች በሬዲዮ የተላለፉት፣ ሎተሪ ያወጡት፣ ክዳኑ ላይ የተቀረጹት ለምን እንደሆነ ግን ተዘለለ። የበለጠ የሚያስቆጨው ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ተጽፎ መቀመጡ ነው፤ በ2006 ለማስታወቂያ በተዘጋጀ የኢንተርኔት ጨዋታ ቁጥሮቹ የሰው ዘር የሚጠፋበትን ጊዜ የሚተነብይ ቀመር አካል መሆናቸው ተገልጾ ነበር። ድራማውን በቴሌቪዥን ብቻ የተከታተለ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አንዳንዱ ክፍተት የመጣው ከሐሳብ ድርቀት አይደለም። ልዩ ኃይል እንዳለው የተነገረለት ሕፃኑ ዋልት በሌላ ታሪክ ተተክቶ የቀረው ተዋናዩ ማልኮም ዴቪድ ኬሊ በፍጥነት ስለጎረመሰ ነው፤ በደሴቲቱ ጥቂት ወራት ሲያልፉ በውጭ ዓመታት አልፈዋል። ሚስተር ኤኮን የተጫወተው አዴዋሌ አኪኖዬ አግባጄ ከሥራው በመልቀቁ ገና ብዙ የታሰበለት ገጸ ባሕርይ በሦስተኛው ምዕራፍ ሞተ። የጸሐፊዎች አድማም አራተኛውን ምዕራፍ ወደ 14 ክፍል አሳጥሮታል። ሊቢ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ሃርሊ በነበረበት የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ምን ትሠራ እንደነበር፣ በደሴቲቱ ነፍሰ ጡሮች ለምን እንደሚሞቱ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ከሌላኛው ታንኳ ማን እንደተኮሰ ግን በተዋናይ ዕድሜም በአድማም አይመካኝም።

በ«ከባሕሩ ማዶ» መጨረሻ ላይ የታየው አንድ ትዕይንት የችግሩን ልክ ያሳያል። ጄኮብ የአሳዳጊውንና የወንድሙን አስከሬን በዋሻ ውስጥ ጎን ለጎን አስተኝቶ ነጭና ጥቁር ጠጠር ያስቀምጥላቸዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጃክ ያገኛቸውና ሎክ አዳምና ሔዋን ያላቸው አጽሞች እነዚህ ናቸው። ጃክ ያን ጊዜ ከልብሳቸው ተነሥቶ ዕድሜያቸውን ከአርባ እስከ አምሳ ዓመት ገምቶት ነበር፤ ከሮማውያን ዘመን ጋር የማይገናኝ ግምት ነው። አዘጋጆቹ እነዚህን አጽሞች አስቀድመው ያቀዱ ለመሆናቸው ማስረጃ አድርገው ይጠቅሷቸው ስለነበር ጥያቄው ክብደት ነበረው። ተመልካች ይረሳዋል ተብሎ ተፈርቶ ይሁን አይታወቅ፣ የስድስት ዓመቱ የጃክና የሎክ ምስል በመሐል ተቆርጦ ገባ። ካርታ አቁሞ ላቲን ለተረጎመ ተመልካች ይህን ያህል ማስታወሻ አያስፈልገውም ነበር። የትዕይንቱ ስሜትም በዚህ ተበላሸ፤ ወንድሙን ገድሎ የሚያለቅስ ሰው እየታየ ሳለ ዓይን ወደ ሒሳብ ማወራረጃ ተመለሰ።

የመጨረሻው ክፍል ሜይ 23 ቀን 2010 ቀረበ፤ ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ 13.5 ሚሊዮን አሜሪካዊ ተከታተለው። ስድስተኛው ምዕራፍ ከደሴቲቱ ታሪክ ጎን ለጎን አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ሎስ አንጀለስ የገባበትን ሌላ ዓለም ሲያሳይ ቆይቷል። ተመልካች ይህን በአምስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ የፈነዳው የሃይድሮጂን ቦምብ ያስከተለው ለውጥ አድርጎ ወስዶታል፤ የተሰጡት ፍንጮችም ወደዚያ የሚመሩ ነበሩ። የጃክ አባት ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እውነቱን ሲገልጽ ግን ያ ዓለም ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ለመገናኘት የሠሩት ማረፊያ ሆነ። ከበስተኋላቸው ያለው መስኮት የስድስት እምነት ምልክት ተሥሎበታል፤ አዘጋጆቹ ማንንም ላለማስቀየም የነበራቸውን ጥንቃቄ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደሴቲቱ የሙታን ማረፊያ ናት የሚለውን ግምት አዘጋጆቹ ደጋግመው አስተባብለው ነበር። ስለ ደሴቲቱ ያሉት እውነት ነው፤ በመጨረሻው ዓመት ያንኑ ሐሳብ በሌላ በር ማስገባታቸው ግን ብዙ ሰው አናደደ።

ከዚያ ላይ አንድ ተራ የጣቢያ ውሳኔ ተጨመረበት። ከድራማው በቀጥታ ወደ ዜና መሸጋገሩ ሸካራ እንዳይሆን ሲባል፣ ሰው የሌለበት የአውሮፕላን ስብርባሪ በስሞቹ ዝርዝር ሥር እንዲታይ ተደረገ። ምስሉ የድራማው አካል አልነበረም። በርካታ ተመልካች ግን ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ሞተዋል ማለት ነው ብሎ ደመደመ፤ የጃክ አባት ክርስቲያን፣ የተፈጸመው ሁሉ በእውነት የሆነ መሆኑን፣ ከጃክ በፊትም ከጃክ ብዙ ዘግይተውም የሞቱ እንዳሉ በግልጽ ተናግሮ ሳለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቃቅን ምስል እንዲመረምር የሠለጠነ ሕዝብ ማንም ያላሰበበትን ምስል መርምሮ የተሳሳተ ፍርድ መስጠቱ አይገርምም።

የሊንደሎፍና የኪዩዝ መከላከያ ድራማው ከጥንቱም ስለ ሰዎቹ እንጂ ስለ ምሥጢሮቹ አልነበረም የሚል ነው። ግማሹ ትክክል ነው። ተመልካች ያለቀሰው ለዴዝመንድና ለፍቅረኛው ለፔኒ የስልክ ንግግር፣ ከተረፉት አንዱ ለነበረው ለቻርሊ መስጠም ነው፤ ለማግኔት ኃይል ያለቀሰ የለም። ሌላው ግማሽ ግን አያስኬድም፤ ምሥጢሩን ወደ ፊት ያመጣው፣ በየማስታወቂያው መልስ ይሰጣል ያለው፣ መጽሐፍና ጨዋታ የሸጠበት ራሱ ድራማው ነው። በድራማው ውስጥ ሳይንስን የያዘው ጃክና እምነትን የያዘው ሎክ ሲከራከሩ ኖረው ክርክሩ ለሎክ ተፈረደ። ይህ ፍርድ የጃክን ጉዞ ያሳምር ይሆናል። የተመልካቹ ጉዞ ግን ከጃክ የተለየ ነበር፤ ማስረጃ ሲሰበስብ ቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት እንዲያምን ተጠየቀ። ቅሬታው መልስ ከመጥፋቱ ይልቅ የመልሱ ዓይነት በመጨረሻ ከመቀየሩ የመጣ ነው።

በዚህ መንገድ የተጓዘው «ሎስት» ብቻ አይደለም። ያው ኤቢሲ በ1990 ያቀረበው የዴቪድ ሊንችና የማርክ ፍሮስት «ትዊን ፒክስ» ተቃራኒውን አደጋ ያሳያል። ሊንች የሎራ ፓልመር ገዳይ ማን እንደሆነ ጨርሶ እንዳይነገር ይፈልግ ነበር፤ ጣቢያው አስገድዶ በኖቬምበር 1990 አናገረው፤ ተመልካቹ ሸሸ፣ ድራማውም በ1991 ተዘጋ። ከ«ሎስት» አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያበቃው «ባትልስታር ጋላክቲካ» ደግሞ በርካታ ቋጠሮዎቹን በአምላክ ፈቃድ ፈትቶ ተመሳሳይ ወቀሳ ደርሶበታል።

ከ2010 ወዲህ አሠራሩ ራሱ ተለውጧል። በኔትፍሊክስ የቀረበው የጀርመኑ «ዳርክ» እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በሦስት ምዕራፍና በ26 ክፍል ተጠናቀቀ፤ የዘመን መዘባረቁና የቤተሰቦቹ የትውልድ ሐረግ ወረቀትና እርሳስ የሚያስይዝ ቢሆንም ቋጠሮዎቹ በአመዛኙ ይፈታሉ። «ሎስት» ራሱ ዛሬ በተከታታይ የሚታይ ሥራ ነው። በሁለት ወር ጨርሶ የሚያየው ሰው በሳምንቱ መሐል ግምት የሚገነባበት ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ከሚያመጡት መልስ የበለጠ መልስ በራሱ አእምሮ አዘጋጅቶ አይጠብቅም። ጉድለቱ ባይቀርም የመጠበቁ ምሬት ይቀርለታል።

ሊንደሎፍ ቀጥሎ በኤችቢኦ የሠራው «ዘ ሌፍቶቨርስ» ከዓለም ሕዝብ ሁለት በመቶው በአንድ ቅጽበት ሲሰወር ይጀምራል። ለምን እንደተሰወሩ እንደማይመለስ አስቀድሞ ተነገረ፤ ድራማው የሚከታተለው የቀሩትን ሰዎች ነው። በ2017 በቀረበው የመጨረሻ ክፍል ኖራ የተባለችው ሴት የጠፉት ወዳሉበት ሄጄ ተመለስኩ ብላ ትተርካለች፤ ካሜራው ግን ፊቷን እንጂ የምትተርከውን አያሳይም። ማመንና አለማመን ለተመልካች ተተወ፤ ተሸወድን ያለ ሰው ግን ብዙም አልተሰማም፤ ውሉ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበርና። በ2019 የሠራው «ዋችመን» ደግሞ በዘጠኝ ክፍል ጥያቄውንም መልሱንም ጨረሰ። ሁለተኛ ምዕራፍ ይሠራ እንደሆነ ሲጠየቅ የሚናገረውን ተናግሮ እንደጨረሰ ገለጸ፤ ጣቢያውም አልቀጠለበትም።